የኡሊንግ ልብ

ናና ሴፓን በሰው ፊት «ዓይንሽ ነው የገደለው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጠገቤ ባልዲ ይዘው የውሃ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ሴቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም «ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ» አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ይህን ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው አይመስለኝም። ልጅ ሁሉ የማይረባ ነገር ይናገራል፣ ይቆጡታል፣ ይረሳል። እኔን ግን አመኑኝ።

ነገሩ የጀመረው ከፑላ ነው። ፑላ የአባቴ ውሻ ነበረች፤ ስሟ ቀይ ማለት ነው፣ እሷም ቀይ ነበረች። ዝናቡ ሊገባ ሲል ከቤታችን ሥር ስድስት ቡችሎች ወለደች። ቤታችን በእንጨት እግር ላይ የቆመ፣ ወለሉ ቀርከሃ ስለነበር በሆዴ ተኝቼ በቀርከሃው ስንጥቅ ቁልቁል ሳያቸው እውላለሁ። ከታች የወተትና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፤ ከጓሮ ደግሞ የአባቴ የኮኮናት ጭስ። አባቴ ኮኮናት ፈልጦ በጭስ እያደረቀ ለከተማ ነጋዴ የሚያቀርብ ሰው ስለነበር ልብሱም፣ ጸጉሩም፣ ትራሱም ጭስ ጭስ ይሉ ነበር።

ከስድስቱ አንዱ ጥቁር ነው። ኡሊንግ አልኩት፤ ከሰል ማለት ነው። «ይሄ የእኔ ነው» ብዬ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገርኩ።

«ያንቺ የሚሆነው ሲያድግ ነው» አለች እናቴ፤ «እስከዚያ የእግዜር ነው።»

ናና ሴፓ ጎረቤታችን ነበሩ። ናና የምንለው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ስናከብር ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከልጃቸው ከፌሊሳ ጋር ይኖራሉ፤ የፌሊሳ ባል መርከበኛ ስለሆነ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ናና ሴፓ በየጠዋቱ ሱማን ያዞራሉ፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ ነው። ቅርጫቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ከቤት ቤት ሲሄዱ መንገዱ ሁሉ በሞቀ ቅጠል ሽታ ይሞላል።

ዓይናቸው ብርቱ ነው ይባል ነበር። ክፉ ሰው ናቸው ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ ኡሶግ የሚባለው ነገር ክፋት አይፈልግም። ፀሐይ የመታው፣ የራበው፣ የደከመው ሰው ከመንገድ መጥቶ ሕፃን አይቶ «ሲያምር» ካለ የሕፃኑ ሆድ ይነፋል፤ ያለቅሳል። መድኃኒቱም ያው ያየው ሰው ነው። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የሕፃኑን ሆድ ይቀባዋል፣ በቃ፣ ይድናል። ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለአሳማ ግልገልም ለቡችላም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው ዓይኑ ከሌላው ይበረታል፤ በሰፈራችን ከሁሉ የሚበረታው የናና ሴፓ ነበር። እሳቸውም ይህን እንደ ቁመታቸው ወይም እንደ ድምፃቸው ተቀብለውት ይኖሩ ነበር።

«ናና፣ አድንቀው ሳይጨርሱ ይትፉበት እንጂ» ትላቸዋለች ከውሃ ፓምፑ አጠገብ ሱቅ ያላት ቤርታ።

«አንቺን ደግሞ ማን አድንቆሽ ሳይተፋብሽ ቀርቶ ነው እንዲህ የተነፋሽው?» ይሏታል። ቤርታ ወፍራም ነበረች። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀውም እሷው ራሷ ናት።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው መንገዳገድ ሲጀምሩ፣ አንድ ቅዳሜ አባቴ ኮኮናቱን ጭኖ ወደ ከተማ ሲወርድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ከነጋዴው መጋዘን በር ላይ ቆዳዋ ከአጥንቷ የተጣበቀ ውሻ ተኝታ ነበር። ከኋላዋ መሬቱ ርሷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። አባቴ ሚዛኑን ሲጠብቅ እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ራሷን ዳሰስኳት። ጅራቷን አንዴ መሬት ላይ ነካ አደረገችልኝ።

«ተነሺ ከዚያ» አለ አባቴ። «የረገጥሽውን አየሽው?»

ነጠላ ጫማዬን በሣር ጠረግሁት። ከዚያ አይስክሬም ገዛልኝ። ቤት እንደደረስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እጄን ሳልታጠብ ከቤቱ ሥር ገብቼ ኡሊንግን ደረቴ ላይ አስተኛሁት። ለብዙ ዓመታት ስለዚያ ቅዳሜ ሳወራ የማወራው ስለ አይስክሬሙ ነበር።

ማክሰኞ ናና ሴፓ ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ከቤቱ ሥር ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ኧረ እናንተ ድንቡሽቡሾች» አሉ። «ይሄ ጥቁሩ ደግሞ፣ እዩት፣ ሆዱ ከራሱ ይበልጣል። ጌታዬ ሲያምር።»

«ናና፣ ምራቅ» አለች እናቴ ከላይ ሆና።

«ቅርጫቱን ላውርድና…» ሲሉ ፌሊሳ ከቤታቸው ተጣራች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያስመልሳታል። «መጣሁ፣ ልጄን ልያትና እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። በዚያ ቀን አልተመለሱም።

ሐሙስ ጠዋት አንደኛዋ ቡችላ ጡት አልይዝም አለች። እኩለ ቀን ላይ አረፋ አስመለሰች። ወዲያው ሌላው፣ ወዲያው ሦስተኛው። ከኋላቸው የሚወጣው ውሃ ሆነ፤ ከዚያ ቀላ፤ ከዚያ ደም ብቻ ሆነ። ሽታው የዛገ ብረትና የበሰበሰ ነገር አንድ ላይ ነው። ያን ሽታ ዛሬም ከመቶ ሽታ መሃል እለየዋለሁ፤ ሥራዬ ነውና። ፑላ አንድ በአንድ ትልሳቸዋለች፣ እኛን ቀና ብላ ታያለች።

«ምራቁ ቀረ» አለች እናቴ። «አላልኩም? ምራቁ ቀረ። ኔሲንግ፣ ሩጪ፣ ናና ሴፓን ጥሪ።»

ናና ሴፓ ራሳቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ሮጠው መጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ረሳሁት እኮ፤ ፌሊሳ ስትጣራ ጊዜ ረሳሁት» እያሉ ከቤቱ ሥር በጉልበታቸው ገቡ። ቡችሎቹን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ፣ አውራ ጣታቸውን እያራሱ ሆዳቸውን ቀቡ። ትውከቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይቅር በሉኝ» ይሏቸው ነበር፤ «ይቅር በሉኝ የእኔ ልጆች።» እኔ ለውሻ ይቅርታ ሲጠየቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ማታውን ሁለቱ ሞቱ። በማግሥቱ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ኡሊንግ ብቻ ቀረ። እናቴ የሩዝ ውሃ በማንኪያ ታጠጣው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ነከሰ። እናቴ «ይሄ ይኖራል» አለች።

አሁን እኔ የምሠራው የሞቱ እንስሳት ለምን እንደሞቱ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። እንዲህ ያሉ ቡችሎች በሳጥን ተደርገው ይመጡልኛል። ቫይረሱ ፓርቮ ይባላል። በዚያ ዓመት ለዓለምም አዲስ ነበር፤ እንኳን እኛ ሰፈር፣ የከተማው ሐኪምም ስሙን አያውቀውም። ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ተነሥቶ በአፍ ይገባል። መጀመሪያ የሚያርፈው ጉሮሮ ያሉት ዕጢዎች ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁለት ሦስት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይራባል። ያኔ ቡችላው ይጫወታል፣ ይጠባል፣ ሆዱ ከራሱ ይበልጣል። ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ደግሞ የትም ያደርሳል። ቫይረሱ ግን በደረሰበት ሁሉ አያርፍም፤ የሚፈልገው በፍጥነት እየተከፈለ የሚራባ ሕዋስ ነው። ስለዚህ መቅኒ ውስጥ ይገባል፤ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚፈለፈሉበት ቤት እሱ ነው፤ ያራግፈዋል። አንጀት ውስጥ ይገባል። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ ፎጣ ነው፤ በየጥቂት ቀኑ ከሥሩ ይታደሳል። ቫይረሱ ሥሩን ይበላል፤ ፎጣው ይላጣል፤ ቡችላው ከውስጥ ይደማል። ከአፍ እስከ አንጀት ያለው መንገድ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ቀን ይፈጃል።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ አምስት ቀን ነው። ናና ሴፓ ማክሰኞ ዕለት ጎንበስ ብለው ሲያደንቋቸው፣ ነገሩ ቀድሞ በደማቸው ውስጥ እየዞረ ነበር።

የፑላ ቡችሎች ማለቃቸው ሲሰማ ሰው ሁሉ ናና ሴፓ በየት በየት እንዳለፉ ማስታወስ ጀመረ። ሱማን ይዘው ያላለፉበት ቤት አልነበረም። ወዲህም ወዲያም ጠሯቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ያ ቁጣ በኋላ የመጣ ነው። «ናና፣ የእኔም ውሻ ወልዳለች፣ ጤነኞች ናቸው፣ ግን ማን ያውቃል፣ ይቅቡልኝ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሥራቸውን ትተው ዞሩ። ቅርጫታቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ኩራቴ አይጣል ነበር፤ የሐኪም ረዳት የሆንኩ መሰለኝ። ከኛ ቤት ወደ ቤርታ፣ ከቤርታ ወደ ቀጣዩ፣ ዘጠኝ ቤት ገባን። ያው አውራ ጣት፣ ያው የቀሚስ ጫፍ፣ ያው የእኔ ነጠላ ጫማ። አንዷ ቤት ናና ሴፓ አንድ ነጭ ቡችላ አቅፈው «አንተስ ደህና ነህ፣ አንተን ቀድሜሃለሁ» ሲሉት ትዝ ይለኛል። በሳምንቱ ያ ነጭ ቡችላ ሞተ።

በሳምንቱ የዘጠኙም ቤት ውሾች ወደቁ። ያልገባንባቸው ቤቶች ውሾች ግን ጅራታቸውን እየቆሉ መንገድ ላይ ይሯሯጡ ነበር። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሰፈሩ ቆጠረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ነገሩን በመጨረሻ የሰሙት ናና ሴፓ ናቸው። መጀመሪያ ሱማኑ ቀረባቸው፤ «ዛሬ በልተናል ናና» ይላቸዋል ሁሉም። ከዚያ ሲያልፉ ሕፃን ያላት እናት ሕፃኗን ወደ ደረቷ ታዞራለች።

«ከእንግዲህ ከእሳቸው ጋር አትዙሪ» አለችኝ እናቴ።

አንድ ከሰዓት ከቤቱ ሥር ኡሊንግን ታቅፌ ተኝቼ፣ እናትና አባቴ ከላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ከተማም ውሻ እያለቀ ነው ይላሉ» አለ አባቴ። «የነጋዴውም ሞታለች አሉኝ። ከተማም ናና ሴፓ ሄደው ነው?»

«ከተማውን ተወው» አለች እናቴ። «እኔ ያየሁትን ነው የምለው።»

«ያየሽው ምን ነበር?»

«እኔ እንጃ። ተወኝ።»

አባቴ እውነቱን በእጁ ይዞት ነበር ማለት ነው። ትንሽ ቢገፋበት ኖሮ ይደርስበት ነበር፤ ግን አባቴ ነገር የሚገፋ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ የሰማሁት ሌላ ነው። የናና ሴፓ ዓይን እስከ ከተማ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ኡሊንግን በሸሚዜ ሸፈንኩት።

ኡሊንግ አደገ። ወፈረ። አምስት ሳምንት ሙሉ ከኋላዬ ተለይቶኝ አያውቅም። ስበላ እግሬ ላይ ይተኛል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኮኮናቱ ዛፍ ሥር ይጠብቀኛል። አንዳንዴ ሮጦ ሮጦ ቆም ብሎ ያለከልክ ነበር፤ ስለወፈረ መሰለኝ። እናቴም «ቀንሺለት፣ አሳማ አደረግሽው» ትለኝ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወደ ፓምፑ ስሄድ ተከተለኝ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል፤ ቤርታ ሱቋ በር ላይ ቆማ ታወራለች። ናና ሴፓ ባልዲያቸውን ይዘው ሲመጡ ወሬው ቆመ። ከመጠን በላይ ሰፊ መንገድ ለቀቁላቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መጥተው በመጨረሻ ኡሊንግን አዩት። እንዲህ ድኖ ማደጉን አላወቁም ነበር፤ ከነገሩ ወዲህ ቤታችን አልመጡም።

«ኡሊንግ?» አሉ። ባልዲውን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉ። «አንተ አለህ እንዴ? ና እስቲ። ና የእኔ ጌታ።» ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ኡሊንግ ሮጠ። አምስት እርምጃ ሲቀረው የፊት እግሮቹ ታጠፉ፤ በአፍንጫው ወደቀ። አንዴ ድምፅ አሰማ፣ ጩኸት እንኳ አይደለም። እግሩን ሁለቴ ወረወረ። ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። በቃ። ምንም ደም የለም፣ ምንም ትውከት የለም፤ ናና ሴፓ አዩት፣ ጠሩት፣ ሞተ።

እኔ አላለቀስኩም። «ዓይንሽ ነው» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። «እርስዎ» ማለቱንም ተውኩት፤ በሕይወቴ ትልቅ ሰው አንቺ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። «ዓይንሽ ነው የገደለው። ሌሎቹንም አንቺ ነሽ።»

«ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው» አለች ቤርታ ቀስ ብላ። ያቺ የምትስቀዋ ቤርታ።

ናና ሴፓ መዳፋቸውን አንስተው ዓይኖቻቸውን ሸፈኑ። እንደሚያለቅስ ሰው አይደለም፤ ድስት ሲከደን እንደሚከደነው ነው። ተነሡና ባልዲያቸውን ጥለው፣ በጣቶቻቸው መሃል መሬት መሬቱን እያዩ ሄዱ። ባልዲውን አባቴ ነው ያደረሰላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም በልጅነቴ መልሼ ልውሰደው አላልኩም፤ እውነት ነው ብዬ ነበር የተናገርኩት።

ፌሊሳ በኅዳር ወንድ ልጅ ወለደች፤ ኢስኮ ተባለ። እናቴ ዶሮ በዝንጅብል ቀቅላ ስትሄድ ተከተልኳት። ናና ሴፓ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑ ጭናቸው ላይ ነው። ዓይኖቻቸውን በራስ መሸፈኛቸው ግጥም አድርገው አስረዋል።

«እማ፣ ፍቺው» ትላለች ፌሊሳ ከአልጋው። ስትለምን የቆየች ትመስላለች። «የገዛ ልጅሽ ልጅ ነው። አንዴ እዪው። ከዚያ ሆዱን ትቀቢዋለሽ።»

«ምራቄ አላዳናቸውም።»

«ውሻ ነው እኮ እማ። ውሻ።»

«ያንን ውሻ እወደው ነበር» አሉ ናና ሴፓ። «ጠልቼው አይደለም። ደስ ስላለኝ ነው ጠርቼ ያየሁት። ይሄን ደግሞ ከዚያ አብልጬ እንደምወደው ገና ሳላየው አውቄዋለሁ።» ጣቶቻቸው የሕፃኑን ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አገጭ ይዳስሱ ነበር።

እናቴ ዶሮውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፦ ደግ አደረጉ ብዬ አሰብኩ። አሁንማ ተምረዋል አልኩ በልቤ።

ሰፈሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ረሳ። ውሾች እንደገና ወለዱ፤ ከተረፉት የተወለዱት አልታመሙም፣ ወይ ጥቂቱ ብቻ ታመመ። ሱማናቸውንም ሰው መግዛት ጀመረ። ቤርታ ሳትቀር እንደ ድሮዋ «ናና፣ ቀና ይበሉ እንጂ፣ ማን ይበላዎታል» ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። ኢስኮ ሲድህ ግድግዳ እያዩ ይመግቡታል። ሲያድግ ከኋላቸው ሆኖ ትከሻቸውን ይዞ ማውራት ለመደ፤ አያት የሚባል ሰው እንዲህ ከኋላ የሚያወሩት ነው የሚመስለው። ከፊት ለፊት ሮጦ ከመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፎቶውን እንኳ ፌሊሳ ስታሳያቸው አይቀበሉም።

እኔ ተምሬ የእንስሳት ሐኪም ልሆን ከተማ ገባሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ስላይድ አስቀምጦ በተራ እንድናይ አዘዘ። «የስምንት ሳምንት ቡችላ ልብ ነው» አለ። «ከፓርቮ ተርፎ ነበር፤ ዳነ ተብሎ ነበር። እየተጫወተ ሳለ ነው የወደቀው።»

የልብ ሥጋ በጤናው ጊዜ እንደ ተሸረበ ክር ነው። ያኛው ክሩ በየቦታው ተበጥሷል፤ በመሃሉ ነጭ ጠባሳ ገብቷል። መምህሩ ሲያብራራ፣ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልቡ ሕዋሳትም ገና እየተከፈሉ ነው አለ፤ ስለዚህ ቫይረሱ ያን ጊዜ ከያዘው ከአንጀት አልፎ ልብ ውስጥም ይገባል። አንጀቱ ይድናል፣ ልቡ አይድንም። ቡችላው ይወፍራል፣ ይሮጣል፤ አንዳንዴ ቆም ብሎ ያለከልካል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ልቡ ይቆማል፤ ሰው ቢያየውም ባያየውም። ከኋላዬ የቆመው ተማሪ ትከሻዬን ነካ እስኪያደርገኝ ድረስ ዓይኔን ከዚያ መስታወት አላነሳሁም።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ መሄድ ነበረብኝ። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ፈተና አለብኝ አልኩ። ከዚያ ዝናቡ ድልድዩን ወሰደው፤ ከዚያ ሥራ ያዝኩ። ገና በዓል ላይ በየዓመቱ ቤት እሄዳለሁ፤ ናና ሴፓን ከሩቅ እጅ እነሳለሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያሳድግሽ» ይሉኛል። ፍርሃቴ ሌላ ነበር። ዓይንዎ አይደለም ካልኳቸው ምን ነበር ይሉኛል። ጫማዬ ነበር ማለት ሊኖርብኝ ነው። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው ዓመት ለፋሲካ ስሄድ እናቴ ሩዝ እየለቀመች፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ «ናና ሴፓ ዓይናቸው ጠፋ እኮ» አለችኝ። «በዓመት ተኩል ውስጥ ነው የጨለመባቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ አይመለስም አለ።»

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በቀጥታ ሄድኩ። ናና ሴፓ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሱማን በዳበሳ ይጠቀልላሉ። ቀና ብለው ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከእንግዲህ ማንንም አይጎዱማ። ኢስኮ ጓሮ ኮኮናት ይፈልጣል፤ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉሮሮውን፣ ደሙን፣ መቅኒውን፣ አንጀቱን፣ ልቡን። ቅጠላቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ።

«ልቡ ውስጥ የገባው መቼ ነው?» አሉ።

«እርስዎ ከማየትዎ በፊት ነው ናና። ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ከከተማ፣ በጫማዬ።»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«ዘጠኝ።»

«ስለጠራሁት ሮጠ። ባይሮጥስ?»

«ያን ቀን ባይሆን በማግሥቱ ነበር፤ ቢበዛ በዚያው ሰሞን።»

«ዓይኔስ?»

«ዓይንዎ ምንም አላደረገም። ለማንም ምንም አላደረገም።»

ፊታቸውን መጥረቢያው ወደሚሰማበት አዞሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ግን አላለቀሱም።

«ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«ረጅም ነው። ጆሮው ትልቅ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ…»

«ጆሮውንና ጠባሳውንስ በእጄ አውቃቸዋለሁ። ሲስቅ ንገሪኝ።»

ኢስኮን ጠርቼ በመጥረቢያ አያያዙ ቀለድኩበት። ሳቀ። ሳቅን ላላየ ሰው ምን ብሎ መንገር ይቻላል? «አንደኛው ዓይኑ ከሌላው ቀድሞ ይጠባል» አልኳቸው በመጨረሻ። «ከዚያ አፉን በክንዱ ይሸፍናል፤ ጥርሱ እንዳይታይ ነው መሰለኝ።»

«ይሸፍናል?» አሉ። ይህን አያውቁም ነበር። ቃሉን ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ይሄን ነገር መቼ ነው ያወቅሽው፣ ኔሲንግ?»

«በዚህ ዓመት ነው ናና» አልኩ። «ገና በቅርቡ።»

እጄን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«አዎ» አሉ። «ቀደም ብለሽ ብታውቂማ ሮጠሽ መጥተሽ ትነግሪኝ ነበር።»

«አዎ ናና» አልኳቸው።